አራተኛው ቀዳዳ

ኩሽኔታ ቢሆንማ ያጉተመትማል እንጂ እንዲህ አይከረክርም፣ ኩሽኔታ ሲያልቅ ድምፁ ከውስጥ ነው የሚመጣው፣ ይሄ ግን ከላይ ነው፣ ከር ከር ከር፣ እስቲ ዝም በል አንተ፣ ማንን ነው ዝም በል የሚለው፣ መካኒኩ እጁን በመኪናዋ መስኮት አስገብቶ ማብሪያውን ያጠፋል፣ የራዲያተሩ ፋን ሁለት ሦስቴ ዞሮ ይቆማል፣ ግቢው ጸጥ ይላል። እንዲህ ነው ያጠፋው። ወንድሙ እንዲሁ በአንድ ጣት ነው ያጠፋው፣ ቀጭ፣ ከዚያ በኋላ እናታቸው አርባ ደቂቃ ኖረች፣ ወይም ሠላሳ አምስት፣ ማን ቆጠረ።

ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ልብስ ሰፊው፣ ለምሳ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ ይሄንንም የነገረችው እትዬ ናት፣ የጋሼ ሚስት፣ እሱማ ከቀብሩ ወዲህ ቃል አይተነፍስለትም፣ ትናንት ደወለችና ስማ አለችው፣ ወንድምህ እንቅልፍ የለውም፣ እህል አይቀምስም፣ ክር በመርፌ ማስገባት እንኳ እያቃተው ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለኝ፣ ፋኑ ለምን እንደጮኸ ይንገረኝ ነው የሚለው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ለምን እንደጮኸ ብቻ። እሺ እትዬ አየዋለሁ። አየዋለሁ ይላል ደግሞ! አሥራ ስድስት ቀን መኪናዋ ተጎትታ መጥታ ግቢው ጥግ ተገትራ፣ እሱ እንደ ተጣላት ጎረቤት ፊቱን እያዞረ ሲያልፋት ከርሞ። ዛሬም ቢሆን ጠዋቱን ሙሉ የሰው መኪና ፍሬን ሲያጥብ፣ የታጠበውን መልሶ ሲያጥብ ቆይቶ፣ ሌላ ሥራ ሲያልቅበት ነው ኮፈኗን የከፈተው። ፈርቶ ነው። ምን ያስፈራዋል፣ ያጠፋው እሱ አይደል፣ ጋሼ አይደል።

ማብሪያውን የገጠመው ግን እሱ ነው። እሱ ጥፋት አይባልም፣ ሁሉም ጋራዥ የሚያደርገው ነው፣ ፋኑን በሰዓቱ የሚያስነሳው ሴንሰር ሞተ፣ መለዋወጫው ተፈልጎ ጠፋ፣ ታዲያ ምን ይደረግ፣ ሁለት ገመድ ይሳባል፣ ከመሪው ሥር ተራ የቤት መብራት ማብሪያ ይገጠማል፣ ጋሼ ስማኝ፣ ይቺ የሙቀት መርፌ ከግማሽ ስታልፍ አብራ፣ ስትወርድ አጥፋ፣ ሌላ ምንም የለውም። ጋሼ ሳቀ፣ ወይ ጉድ፣ መኪናዬን ሳሎን አደረግካት እኮ። ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ፣ ጋሼ ጥንቁቅ ነው፣ የሰው ወገብ ሲለካ እንኳ ሦስቴ ነው የሚለካው። ከዚያ ባለፈው ወር ራዲያተሩ ማንጠባጠብ ጀመረ፣ መካኒኩ አወረደው፣ ጎረቤቱ በያጁ በየደው፣ መልሶ ገጠመው፣ አለቀ። በማግስቱ ስልክ። ፋኑ ይጮሃል። ምን ዓይነት ጩኸት ጋሼ። እኔ ምን አውቄ፣ ይጮሃል ነዋ። አርጅቶ ነው ጋሼ፣ አንተስ ከወንበር ስትነሳ ጉልበትህ አይጮህም፣ ዝም ብለህ ንዳ።

ዝም ብለህ ንዳ። ሳያይ። ሐኪም እንኳ በስልክ ምላስህን አውጣ አይልም።

ዝም ብሎ ነዳ። ጋሼ የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት በዚያ ጩኸት ነዳ፣ ከዚያ ያ ቀን መጣ፣ እማዬ ደረቴን ያዘኝ አለች፣ ከኋላ ወንበር አስተኟት፣ ጭንቅላቷን እትዬ ጭን ላይ አድርጋ፣ ጋሼ ፋኑን አብርቶ ወጣ፣ ገና ዋናው መንገድ ሳይደርሱ፣ ልጄ ይሄን ነገር ዝም አሰኝልኝ፣ ጭንቅላቴን በሳው እኮ። እትዬ ናት ይህን የነገረችው፣ የእማዬን ድምፅ እየመሰለች ነው የነገረችው፣ ለምን ትመስላለች። ጋሼም አጠፋው። ለሁለት ደቂቃ ብዬ ነው ይላል፣ ዐይኗን እስክትከድን ብዬ ነው። ከደነች። ተኛችልህ አለች እትዬ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ዳገቱ መጣ፣ ከፊት መንገዱ ተዘጋ፣ መኪናው ሁሉ ተሰለፈ፣ ጋሼ በመስታወት የእናቱን ፊት ነው የሚያየው እንጂ መርፌዋን አያይም፣ ማንስ ቢሆን የትኛውን ያያል፣ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ቡልቅ ሲል ነው ትዝ ያለው። ሞተሩ ዳገቱ መሀል ደርቆ ቀረ። ሌላ መኪና እስኪለመን፣ እስኪዞር፣ እሷን አቅፎ እስኪያዛውር። ሐኪሟ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ አለች፣ ኧረ ለምን እንደዚህ ይላሉ፣ ምን ይጠቅማቸዋል፣ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚሸከመውን ነገር በአንድ አፍ ብለውት ወደ ሌላ በሽተኛ ይሄዳሉ።

እሱስ። ይሄ መካኒክ ተብዬውስ ምን አለ። ከቀብር መልስ፣ አጎቶችና አክስቶች በተቀመጡበት፣ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ጤነኛ ሰው ፋን ያጠፋል! አልነገርኩህም! ከግማሽ ስታልፍ አብራ ብዬ በዚህ አፌ አልነገርኩህም! እናቴን ዳገት ላይ ገደልካት! እናቴን አለ። እናታችንን አላለም። ጋሼ አንገቱ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትሩን ረስቷት ነበር፣ ከሱቅ እየሮጠ እንደወጣ ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው አንገቱ ላይ ነበረች፣ ጫፏን በጣቱ እየጠቀለለ መሬት መሬት ያያል፣ አዎ ብቻ አለ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ማንም ተው አላለም። ትልቁ አጎታቸው እንኳ ቡናውን ፉት አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትል የነበረችው ደግሞ ማን ሆነችና፣ ራሷ እማዬ፣ ሬሳዋ ገና አፈር ሳይለምድ።

ሥራህን ሥራ። በተራ፣ እንደ ሰው።

የባትሪውን ገመድ ይነቅላል፣ ፋን ውስጥ ጣት ከመስደድ በፊት መንቀል ነው፣ ያልነቀሉትን ያውቃቸዋል፣ ዘጠኝ ጣት ይዘው የሚዞሩ አሉ። ክንፉን በእጁ ያዞረዋል፣ ይዞራል፣ ልስልስ ብሎ ይዞራል፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ አይንቀጠቀጥም፣ ኩሽኔታ ደህና፣ እንግዲህ አላረጀም ማለት ነው፣ አርጅቶ ነው ያልከው አላረጀም፣ እሺ፣ ክንፎቹ፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለ በአውራ ጣቱ ይዳብሳቸዋል፣ ሰባት ናቸው፣ ስንጥቅ የላቸውም፣ የተሰበረ የለም፣ ከስር የተወተፈ ነገር ይኖር ይሆን፣ ቅጠል፣ ፌስታል። ፌስታል ቢሆን ምናለ። አምላኬ ፌስታል አድርገው። ፌስታል ነው ጋሼ፣ ነፋስ አምጥቶ ሰንቅሮት ነው ብሎ አውጥቶ ቢያሳየው፣ ነፋስን ማን ይከሰዋል። እጁን እስከ ክርኑ ይሰዳል፣ ይፈልጋል። ምንም የለም።

ከዚያ መዳፉ ሳያስበው ፋኑን ዙሪያውን በከበበው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ያርፋል፣ ፕላስቲኩም እሺ ይላል። ወደ ውስጥ ይሄድለታል። መሄድ አልነበረበትም።

አምፖሉን ያስጠጋል። እዚያ፣ ከላይ በግራ በኩል፣ ፕላስቲኩ ወደ ክንፎቹ ዘንበል ብሏል፣ ውስጡ ላይ ግማሽ ክብ ነጭ ጭረት አለ፣ ክንፎቹ ሲዞሩ የላሱት፣ ትኩስ ጭረት፣ ጥፍሩን ሲያሳርፍበት ዱቄቱ ይወጣል። ከር ከር ከር። እንግዲህ ይሄ ነው፣ ፕላስቲኩ በአራት ብሎን ከራዲያተሩ ጋር ይታሰራል፣ አራት፣ ከታች በቀኝ አለ፣ ከታች በግራ አለ፣ ከላይ በቀኝ አለ። ከላይ በግራ ቀዳዳ ነው። ባዶ ቀዳዳ፣ በውስጡ መሬቱ ይታያል።

ማን ፈታው?

ሌላ ጋራዥ ነው። ጋሼ ጩኸቱ ሲመርረው ሌላ ጋራዥ ወስዷት ነው፣ አዎ፣ አንዱ እጀ ሰባራ ነካክቶ፣ አይ የሰው ነገር፣ እናት ያስገድላሉ እኮ እነዚህ፣ ፈቃድ የሚሰጣቸውስ ማነው፣ ደስታ የሚመስል ነገር ይሰማዋል፣ ሰው እንዴት በዚህ ደስ ይለዋል፣ አምፖሉን ወደ ሦስቱ ብሎኖች ያዞራል። ቢጫ። ቢጫ። ቢጫ። በሦስቱም ራስ ላይ ቢጫ ነጥብ አለች። የሱ ነጥብ ናት። ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ በትንሽ ብሩሽ ቢጫ ቀለም ጠብ ያደርግበታል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሠራው፣ ሌላ እጅ ከነካው ነጥቧ ትሰነጠቃለች፣ ደንበኛ ሲያለቃቅስበት ና ነጥቧን እይ፣ እኔ የነካሁት አልተነካም እያለ ስንቱን አፍ ያስያዘው በዚህች ነጥብ ነው። ሦስቱም አልተሰነጠቁም። ማንም አልነካትም። መንገዱ አራግፎት ቢሆንስ፣ ንዝረት ብሎን ያወልቃል፣ ያወልቃል እንጂ፣ ግን ወልቆ ቢወድቅ ኖሮ ከቀዳዳው ከንፈር ላይ የቀለም ርዝራዥ ይቀር ነበር፣ ይቀር አልነበረም? ይቀር ነበር። አመልካች ጣቱን ምራቁ ላይ ነክሮ የቀዳዳውን ዙሪያ ይወለውላል። ጥቁር። ንጹሕ ጥቁር፣ ቢጫ አይቶ አያውቅም።

ጣሳው። ወደ ጣሳው አትሂድ።

ይሄዳል። ከመሣሪያ ሣጥኑ ጀርባ፣ ትልቅ የወተት ጣሳ፣ ዝገትና ዘይት የሚሸት፣ በያጁ ጉርሻ ይለዋል፣ መኪና ተፈቶ ሲገጠም አንድ ብሎን ተርፎ ካልቀረ አልተሠራም፣ ለመካኒኩ ጉርሻዋ ነው እያለ ያስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ ማን ያልሳቀ አለ፣ ወለሉን ሲጠርግ ያገኘውን ብሎን አንስቶ ጣሳ ውስጥ ይወረውራል፣ ቅጭል፣ ሌላ ጊዜ ይጠቅማል። ጣሳውን ጨርቅ ላይ ይገለብጠዋል። ትላልቅ፣ ትናንሽ፣ የታጠፈ፣ ጭንቅላቱ የተበላ፣ በጣቱ ይበታትናቸዋል፣ እንዳይገኝ፣ እንዳይገኝ፣ አሥር ቁጥር፣ ጥቁር፣ አንገቱ ሰፊ፣ እግሩ ላይ የራዲያተር ውኃ አረንጓዴ ደርቆበታል። አለ። ሌላ ማስረጃ አያሻም፣ ወንድሞቹ ሦስቱ እዚያ ታስረው ተቀምጠዋል፣ አራተኛው እዚህ ጣሳ ውስጥ ተኝቷል። ጨርቁን ያያል። ሌሎቹስ? እነዚህ ሁሉ የማን ናቸው? ስንት ናቸው፣ ስልሳ፣ ሰማንያ፣ እያንዳንዱ የሆነ ሰው መኪና ላይ የሆነ ቀዳዳ አለው፣ ያ ሰው ዛሬም ዝም ብሎ እየነዳ ነው። ጉርሻ። ጥቁሩን ብሎን ነጥሎ ያነሳል።

እንዴት ረሳው። ሦስቱን ነጥብ አድርጎ እንዴት አራተኛውን፣ ስልክ ተደውሎ ነው፣ አዎ ስልክ፣ እማዬ ናት የደወለችው፣ ልጄ በላህ ወይ ብላ፣ እያወራት ቁልፉን አስቀመጠ፣ እንደዚያ ከሆነ፣ እንደዚያ ከሆነ ምን፣ እናቱን ነው የሚከሳት? ስልኩን ያወጣል፣ ቀኑን ይፈልጋል፣ ጣቱ ዘይት ስለሆነ መስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግረዋል። የዚያን ቀን አልደወለችም። ማንም አልደወለም። በያጁ ምሳ ደረሰ አለው፣ መጣሁ አለ፣ ሄደ። ሲመለስ ያለቀ መስሎት ኮፈኑን ከደነ። ሌላ ምክንያት የለውም። ርቦት ነበር።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። ሰው ፊት። አጎትየው ፊት።

ብሎኑ መዳፉ ውስጥ ሞቋል። ወደ መኪናዋ ይመለሳል፣ ምን እንደሚያደርግ ሳይወስን እጁ ያደርገዋል፣ ፕላስቲኩን ወደ ቦታው ይገፋል፣ ብሎኑን በጣት ያስገባል፣ ያጎርሰዋል፣ የአሥር ቁልፍ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዙር፣ ጠበቀ። የባትሪውን ገመድ ይመልሳል። ማብሪያውን ያበራል።

ፋኑ ይዞራል። ድምፅ የለውም። ነፋስ ብቻ ነው፣ ልብስ ላይ የሚያርፍ ለስላሳ ነፋስ፣ ሽውታ እንጂ ጩኸት አይባልም፣ በዚህ ድምፅ ሕፃን ይተኛል። በዚህ ድምፅ እሷም ትተኛ ነበር፣ ማንም ምንም ሳያጠፋ፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ሰልፉን አልፈው፣ ትንሽ ቀደም ብለው። ሦስት ዙር ብቻ። ለምሳ ከመሄዱ በፊት ሦስት ዙር። ኮፈኑ ሥር ጭንቅላቱን ቀብሮ ያለቅሳል፣ በቀብሩ ቀን እንዲህ አላለቀሰም፣ በቀብሩ ቀን ተቆጥቶ ነበር፣ ቁጣ ዕንባን ያደርቃል፣ አሁን የሚቆጣበት ሰው አጣ።

ግን ማን አየው? ቀዳዳው የለም። ፊቱን በክርኑ ይጠርጋል። አራት ብሎን፣ ቢጫዋን ጠብ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው፣ በዚህ ምድር ላይ የሚያውቅ የለም፣ በያጁ እንኳ። ኩሽኔታው ነው ጋሼ፣ አርጅቶ፣ እንዳልኩህ፣ አጽድቼ ቅባት ቀባሁት። እንዳልኩህ! እና ጋሼ ምን ይላል፣ እሺ ይላል፣ ጋሼ የተባለውን ያምናል፣ ከዚያ እጁን በመስኮት አስገብቶ ማብሪያዋን ይዳብሳታል፣ እንግዲህ ሌላ ምክንያት አልነበረም፣ እኔው ነኝ ይላል፣ ቤቱ ገብቶ ግድግዳ ያያል፣ ክሩም መርፌው ውስጥ አይገባለትም፣ በዚህ ዓይነት እስከ ሙት ዓመቷ አይደርስም። ያን ጊዜ ደግሞ እሱ የጋሼ ቀብር ላይ ቆሞ ምን ሊል ነው። ባይናገርስ? ዝም ቢል፣ ጊዜ ራሱ፣ ጊዜ ምኑን፣ ጊዜ ብሎን አያጠብቅም። ከፈለገ ደግሞ ግማሹን መናገር ይችላል፣ ትንሽ ላልቶ ነበር ማለት ይችላል፣ ላላ ማለት ማንም አልረሳውም ማለት ነው፣ መንገዱ ነው ማለት ነው። የቀለሙን ክዳን ይከፍታል። ብሩሹን ይነክራል። ቢጫዋ ጫፉ ላይ ተንጠልጥላለች፣ ብሎኑ ራስ ላይ ያቀርባታል፣ አንዲት ጠብታ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይቺ ጠብታ ምን ትል ነበር፣ እኔ ነኝ፣ ጨርሻለሁ፣ እመኑኝ ነበር የምትለው።

አንተ! ወንድምህ መጣ! በያጁ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። ዛሬ እንኳ ታረቁ እስቲ፣ ወንድማማች አይደላችሁ!

ብሩሹን ይጥለዋል። መሬቱ ላይ ቢጫ ይረጫል። የአሥር ቁልፍ፣ የት ሄደ፣ እዚህ፣ ፍጠን፣ ፍታው፣ አንድ ዙር፣ የበር ብረት ሲጎተት ይሰማል፣ ሁለት፣ ጣቶቹ እየተሳሳቱበት ነው፣ ሦስት፣ ብሎኑ መዳፉ ላይ ይወድቃል፣ ፕላስቲኩ ወደሚዞረው ፋን ዘንበል ይላል፣ ከር ከር ከር ከር፣ ግቢው ሁሉ ያስተጋባል።

ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል። አይገባም። ጩኸቱን ሲሰማ አንድ እጁ ወደ ጆሮው ሄዶ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ከስቷል፣ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል፣ የራሱን ልብስ ማጥበብ አቅቶት ነው እሱ ልብስ ሰፊው። ና ጋሼ። አይሰማም። ና ጋሼ፣ ና ልንገርህ! ይመጣል፣ ቀስ ብሎ፣ ጫማውን እየጎተተ፣ ቢጫውን ረግጦ። ምንድን ነው ታዲያ ይላል፣ ምንድን ነው የሚያስጮኸው።

መካኒኩ መዳፉን ይዘረጋል።

ይሄ ነው። አራት ነበሩ፣ ሦስቱን አሰርኩ፣ ይሄን ረሳሁት፣ ምሳ ሄጄ ረሳሁት፣ ራዲያተሩን የሠራሁ ቀን። ፕላስቲኩ ክንፉን እየነካ ነው የጮኸው። አላረጀም። ስትደውልልኝ አላየሁትም፣ አርጅቶ ነው ያልኩህ ዝም ብዬ ነው። ብነካው አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር ጋሼ። አንተ አይደለህም። የሚለውን ሁሉ ይለዋል፣ ድምፁ ከፋኑ ጩኸት በላይ ሆኖ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪሰማ።

ጋሼ ብሎኑን በሁለት ጣት አንስቶ እንደ ቁልፍ እያገላበጠ ያየዋል፣ ሸሚዝ ላይ እንደሚተከል ቁልፍ። ይቺ ናት? እሷ ናት ጋሼ። ይቺ። አዎ። ፋኑ ይከረክራል። ያን ዕለት ሰው ፊት እንደዚያ ስትለኝ፣ ይላል ጋሼ፣ አይጨርሰውም፣ መካኒኩ ጥፊውን ይጠብቃል፣ ቢመታው ይሻለዋል፣ ምነው ቢመታው። ጋሼ ዞር ብሎ እጁን በመስኮት ያስገባል፣ ማብሪያውን ይነካል፣ አያጠፋውም፣ ጣቱን እላዩ ላይ አሳርፎ ይቆማል። አጥፋው ጋሼ፣ ግዴለም። አልችልም ይላል። አንተ አጥፋው።

መካኒኩ ያጠፋዋል። የባትሪውን ገመድ ይነቅላል። 

እሰረው ይላል ጋሼ፣ ብሎኑን እየመለሰ። እንዴት? እሰረው አልኩህ፣ እያየሁህ እሰረው። ቁልፉን ያነሳል፣ ብሎኑን ወደ ቀዳዳው ያቀርባል፣ አይገባለትም፣ ዘንበል ያለው ፕላስቲክ ከቀዳዳው ጠርዝ ይመልሰዋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ያን ጊዜ ጋሼ እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኑ ሥር ይገባል፣ ትከሻው ትከሻውን ይነካል፣ ፕላስቲኩን በመዳፉ ወደ ቦታው ደግፎ ይይዝለታል። ይዤዋለሁ፣ አስገባ ይለዋል።